ረቡዕ፣ ዓርብ እና ቅዳሜ፦ ስፖርት ሲሠሩ የሚያጥወለውላቸው ጋሼ

ቅዳሜ ጠዋት፣ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ መስቀል አደባባይ። ደረጃው ላይ ሰው እንደ ጉድ ነው። ወጣቶቹ በየረድፉ ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፣ አንዱ ቡድን ያጨበጭባል፣ ሌላው ሙዚቃ ከፍቷል። እኔ ከልጆቼ ጋር (የማሠለጥናቸውን ነው፣ ገና አልወለድኩም) ወደ መጨረሻው ዙር ልገባ ስል፣ ከአጠገባችን ሲሮጡ የነበሩ አንድ ሰውዬ ድንገት ቆሙና ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ግራጫ ቱታ ለብሰዋል። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንባራቸው አልቦታል፣ ግን የሮጠ ሰው ላብ አይደለም፤ ስነካቸው ቀዝቃዛ ነው።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"ምንም አይደል እናቴ። ልቤን አጥወለወለኝ።"

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። እኛ ሲያቅለሸልሸን "ልቤን አጥወለወለኝ" እንላለን። ሆዳችን ነው፣ ስሙን የምንሰጠው ግን ለልብ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ማንም ልብ አይለውም። ግን 47 ዓመት የሞላቸው ወንድ፣ ደረጃ ሮጠው፣ ቀዝቃዛ ላብ አልቧቸው "ልቤን" ካሉ ቀልድ የለም። የልብ ሕመም ራሱ በማቅለሽለሽ ሊጀምር ይችላል፣ በተለይ ሴቶች ላይና ስኳር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደረትን ሳይነካ ጭምር። ስለዚህ ቀጥታ ጠየቅኳቸው።

"የትኛው ልብዎ ነው ጋሼ? ደረትዎን ይጫንዎታል? ግራ ክንድዎንስ? መንጋጋዎን?"

"የለም የለም። እዚህ ጋ ነው" ብለው ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ አሳዩኝ። "ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል፣ ግን አይወጣም። ዓይኔንም ጨለም አደረገኝ።"

በጀርባቸው አስተኛኋቸውና እግራቸውን ከላይኛው ረድፍ ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ደቂቃ አልሞላም፣ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። ማቅለሽለሹም አብሮ ሄደ። ይኼን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐኪም አይደለሁም። የስፖርት ሳይንስ ተምሬ ሰው አሠለጥናለሁ፣ በቃ። የጋሼን ጉዳይ የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው፣ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ። የምጽፍበትም ምክንያት "ስፖርት ስሠራ ለምን ያቅለሸልሸኛል?" የሚለውን ጥያቄ በሳምንት አንዴ ሳልጠየቅ ስለማላልፍና፣ መልሱ ሁልጊዜ "ጨጓራ ነው" ስለሚሆን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከወገብ በላይና ከአንገት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። የጋሼም ጎረቤት እንደዚያ አሏቸው።

ታሪካቸው እንዲህ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የሂሳብ ባለሙያ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሥራ ባልደረቦቻቸው ታላቁ ሩጫ ላይ አብረን እንሩጥ ሲሉ እሳቸውም ስማቸውን ሰጡ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ የቆየው የ10 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ማለቴ ነው። ሰው የሚስቅ የሚጨፍርበት ሩጫ ቢሆንም 10 ኪሎ ሜትር ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው። ጋሼም ቁም ነገር አድርገው ያዙት። ስታዲየም አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ጂም ተመዘገቡ። ሰኞ፣ ረቡዕ እና ዓርብ ከሥራ ሲወጡ 12 ሰዓት ላይ ትሬድሚል፣ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ።

ማቅለሽለሹ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ነበር። ነሐሴ ላይ ባሰ። ጎረቤት "ጨጓራ ነው" ሲሉ ፋርማሲ ገብተው ኦሜፕራዞል ገዙና አምስት ሳምንት ዋጡ። ምንም ለውጥ የለም። ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል። የእሳቸው ችግር አሲድ ካልሆነ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ያልኳቸው ነገር "ከሐኪም ወረቀት እስኪያመጡ ከእኔ ጋር አንድ ደረጃ አይወጡም" የሚል ነው። ተቆጡ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ሆዴን አልኩሽ እንጂ!" አሉኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ሄዱ። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሡ፣ ትሬድሚል ላይ እየሄዱም ልባቸው ታየ፣ የደም ግፊት 128 በ82፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 94፣ የደም ማነስ የለም፣ የሰገራ ምርመራ ላይ ኤች ፓይሎሪም (የጨጓራ ባክቴሪያው) አልተገኘም። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲተዉ፣ ስፖርቱን ግን እንዲቀጥሉ ነገሯቸው። ጋሼ ውጤቱን ይዘው ሲመጡ ፊታቸው ላይ "አላልኩሽም?" የሚል ነገር ነበር። እኔም "አላሉኝም፣ ገመቱ እንጂ" አልኩ። በሆዴ።

ከዚያ ደብተር ያዙ አልኳቸው። የምፈልገው ቀላል ነገር ነው፦ ምን በሉ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ጠጡ፣ በስንተኛው ደቂቃ ማቅለሽለሽ ጀመረ፣ የልብ ምትዎ ስንት ነበር፣ ሲጨርሱ ምን አደረጉ። ሰውዬው የሂሳብ ሰው ናቸው። በሁለት ሳምንቱ ኤክሴል ላይ ሠርተው፣ በኤ ፎር አትመው፣ ከታች ድምር አስገብተው አመጡልኝ። የማቅለሽለሽ ድምር! እስከዛሬ የምስቅበት ነገር ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር መልሱ የተገኘው ከዚያ ወረቀት ነው።

ሰው "ያቅለሸልሸኛል" ሲለኝ ደቂቃውን ካልነገረኝ ምንም አልነገረኝም። ገና በአምስተኛው ደቂቃ ከሆነ ሆድ ውስጥ አሁን የገባ ነገር አለ። ሲጠነክር የሚመጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚሄድ ከሆነ ፍጥነቱ ነው። መሬት ላይ ተኝቶ የሆድ እንቅስቃሴ ሲሠራ ወይም ወድቆ መነሣት ሲደጋግም ከሆነ፣ ወይ አሲድ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ወይ ጭንቅላቱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ሲል ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ተረብሿል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ከሆነ ሙቀት፣ የውሃ ማነስ ወይም ደግሞ የውሃ መብዛት ነው። ካቆመ በኋላ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የጋሼ የሁለት ሳምንት ወረቀት ይኼን አሳየ። ሰኞ፦ ሁለት ጊዜ ሠሩ፣ ሁለቱንም ደህና። ረቡዕና ዓርብ፦ አራት ጊዜ ሠሩ፣ አራቱንም አቅለሸለሻቸው፣ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ደቂቃ ባለው ጊዜ። ቅዳሜ፦ አንዱ በደመራ ዝግጅት ምክንያት አደባባዩ ስለተያዘ ቀረ፤ በሌላው ደግሞ ሲሮጡ ምንም ሳይሉ ከተቀመጡ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መጣ።

አንድ ሰው፣ አንድ ስም ያለው ሕመም። ግን ሁለት የተለያየ ነገር።

ረቡዕና ዓርብ። እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ይኼ ሁለት ቀን ሲባል ሌላ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ለአንድ ቀን ሙሉ ሳየው አልገባኝም ነበር። የገባኝ ከምግቡ ዓምድ ነው። አንዱን ዓርብ እንዳለ ልጻፈው፦ "9፡10 በያይነቱ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ እንጀራ 2። 11፡40 ስፕሪስ 1 ብርጭቆ። 12፡05 ትሬድሚል። 14ኛ ደቂቃ። ምት 168። እራት የለም።"

ጋሼ ጿሚ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ከምሽት እስከ 9 ሰዓት የቆየ ረሃብ ደግሞ በአንድ እንጀራ አይመለስም። ሰኞ ምሳቸውን 6 ሰዓት ተኩል ይበላሉ፣ ትሬድሚል ላይ ሲወጡ ከአምስት ሰዓት በላይ አልፏል። ረቡዕና ዓርብ ግን ሦስት ሰዓት ብቻ፣ ያውም ሁለት እንጀራ ከጥራጥሬ ጋር። በያይነቱ ከልቤ የምወደው ምግብ ነው፣ ስሙን እያጠፋሁ አይደለም። ግን ሽሮና ምስር አሰር የበዛባቸው ናቸው፣ ዘይትም አለ፣ ሁለቱም ከሆድ ቶሎ አይወጡም።

ስፕሪሱስ? ይኼኛው እኔንም አስገረመኝ። ሰኞ ከጂም በፊት ማኪያቶ ነው የሚጠጡት። ረቡዕና ዓርብ ወተት አይነኩም። ስለዚህ ጁስ ቤት ይገቡና አቮካዶ ከታች፣ ማንጎና ፓፓያ ከላይ የሆነ ወፍራም ስፕሪስ በማንኪያ ጭምር ይጨርሳሉ። "ጉልበት እንዲሆነኝ ብዬ ነዋ" አሉኝ። አቮካዶ ቅባት ነው። ቅባት ደግሞ ሆድን በር ዘግቶ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ነው። ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ትሬድሚል ላይ ሲወጡ ያ ብርጭቆ ገና እንደተቀመጠ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ በያይነቱ አለ።

ያኔ ነው ጋሼ እጃቸውን ያጨበጨቡት። "ፍልሰታ!" አሉ። "ፍልሰታ ላይ ሰኞንም ሲያጥወለውለኝ ነበር!" እውነትም ነሐሴ ላይ ባሰ ብለውኝ ነበር። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሰኞም ጾም ነው። ጎረቤትየው "ጨጓራ ነው" ያሉትም ያኔ ነው።

ሆድ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ባጭሩ። ስንሮጥ እግራችን ደም ይፈልጋል። ደሙ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፣ ሰውነት ደግሞ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከሆድ ዕቃ ነው። በጣም ጠንካራ እንቅስቃሴ ላይ ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄደው ደም እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሆዱ ባዶ ከሆነ ይችለዋል። ሥራ ላይ ከሆነ፣ ሁለት እንጀራ ይዞ እየፈጨ ከሆነ፣ ሠራተኛው ሁሉ ተነሥቶ እንደሄደበት ወጥ ቤት ይሆናል። ምግቡ ይቆማል፣ ሆድ ይነፋል፣ አንጎል መልእክቱ ይደርሰውና "ወደ ላይ መልሰው" ይላል። ለዚህ ነው ሮጦ የሚያቅለሸልሸው ሰው በዚያው ሰዓት ቢራመድ ምንም የማይሰማው። ስንራመድ ሆድ የሚነጠቀው ደም ጥቂት ነው።

ታዲያ ፍጥነታቸውስ? 168 የምትለዋን ቁጥር አያችኋት? የአንድ ሰው ከፍተኛ የልብ ምት በግምት 208 ሲቀነስ ዕድሜው በ0.7 ተባዝቶ ነው። ለ47 ዓመት ሰው 175 ይሆናል። ጋሼ በ14ኛው ደቂቃ 168 ላይ ናቸው፤ ጀማሪ ሰው፣ ሳምንት በሳምንት፣ ከአቅሙ ጫፍ ላይ! ከየት አመጡት ብዬ ስጠይቅ ስልካቸው ላይ የጫኑት የሩጫ መተግበሪያ ነው። "በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር" ይላል፣ እሳቸውም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። መተግበሪያው ግን ስታዲየም አካባቢ ያለ ምድር ቤት ውስጥ መሆናቸውን አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ተወልደን ስላደግን ቁጭ ስንል አይታወቀንም። ስንሮጥ ግን ያው ፍጥነት እዚህ የበለጠ ይከብዳል። (ከውጭ ለእረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችሁን በሁለተኛው ቀን እንጦጦ አታሯሩጧቸው። እኔ አንዴ አድርጌው ሰውዬው ዛፍ ሥር አስመለሰ፤ የላይኛው ክፍል ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል።)

እንግዲህ ምክንያት ከሦስት በላይ ሆነ። ሁሉንም በአንዴ ብንቀይር ያድናቸው ነበር፣ ግን የትኛው እንደሆነ አናውቅም ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ።

አንደኛው ሳምንት፣ ስፕሪሱ ቀረ። በያይነቱም ፍጥነቱም እንዳለ። ማቅለሽለሹ ከ14ኛው ደቂቃ ወደ 22ኛው ሄደ፣ ቀለልም አለ። አልጠፋም።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ፍጥነቱ ወረደ። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ እርምጃ፣ ከዚያ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ የልብ ምት ከ125 እንዳያልፍ። ጋሼ ይኼን በጣም ጠሉት። "ልጆቹ እያዩኝ?" አሉ። የልብ ምት የሚለካ ሰዓት ለሌለው ሰው ደግሞ ቀላሉ መለኪያ ወሬ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ማውራት ከቻለ ደህና ነው፣ ቃል በቃል ከሆነበት ፈጥኗል። እሳቸው ትሬድሚል ላይ ሆነው ስለ ዓመታዊ ሒሳብ መዝጊያ እንዲያስረዱኝ አደረግኳቸው። ሳይንተፋተፉ አስረዱኝ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ ምንም፣ ዓርብ ትንሽ ከበድ ማለት ብቻ።

ሦስተኛው ሳምንት፣ ቀኑ ተቀየረ። ጾማቸውን የምነካ ሰው አይደለሁም፣ ቢነኩብኝም አልወድም። ጂሙን ግን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ ሆነ። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል። 11 ሰዓት ላይ አንድ ሙዝ ወይም ማር የተቀባ ቁራሽ ዳቦ፣ እነዚህ ቶሎ ያልፋሉ። ማቅለሽለሹ ጠፋ። ዜሮ። ኤክሴሉ ላይ ዜሮዋን ቀይ ቀለም ቀብተው አመጡልኝ።

ከዚያ እኔ አበላሸሁት።

ሐሙስ ጠዋት ደውዬ "ጋሼ፣ ውሃ ይጠጡ እሺ፣ ውሃ ያንስዎታል" አልኳቸው። ስንት እንደሆነ አልነገርኩም። ታዛዥ ሰው ናቸው፤ ባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ጨርሰው መጡ። ትሬድሚል ላይ ሲወጡ ሆዳቸው ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ እኔ ጋ ይሰማል፣ አልዋሽም። በስድስተኛው ደቂቃ ወረዱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትክክለኛው ከሁለት ሰዓት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ቀስ እያሉ መጠጣት፣ ከዚያ እየሠሩ ጉንጭ ጉንጭ ማለት ነው። ምን ያህል እንደሚያልብዎት ለማወቅም ሚዛን አለ፤ ከጂም በፊትና በኋላ ላብዎን አድርቀው ይመዘኑ። ጋሼ በአንድ ሰዓት 600 ግራም ይቀንሳሉ፣ ወደ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሁለት ሊትር ምን ያደርግላቸዋል? ረጅም ሰዓት የሚሄዱ ሰዎች ላይ ደግሞ ከላብ በላይ ውሃ መጠጣት የደም ጨውን ያወርደዋል፣ የመጀመሪያው ምልክቱም ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ነው። ሰው "ውሃ አንሶኝ ነው" ብሎ ሲጨምር ይብስበታል። አምቦ ውሃም በዚያ ሰዓት አይሆንም፣ ጋዙ ሆድ ይነፋል።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልመለስ፣ ያዙልኝ ወዳልኳችሁ።

የቅዳሜው ችግር ምግብ አልነበረም። ቅዳሜ ምግብ ራሱ አልነበረም! ወረቀቱ ላይ "እራት የለም" የምትለዋን አስታውሱ። ዓርብ ማታ ስላቅለሸለሻቸው እራት አይበሉም። ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥተው አንድ ስኒ ወፍራም ቡና ብቻ ጠጥተው ይወጣሉ። ከዓርብ ስፕሪስ ወዲህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከዚያ ከወጣቶቹ እኩል ደረጃውን ይወጣሉ ይወርዳሉ። ሲደክማቸው ቀስ አይሉም፣ ቀጥ ብለው ይቆሙና ይቀመጣሉ።

ስንሮጥ የእግር ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሁለተኛ ልብ ማለት ነው። (ይኸው፣ ሦስተኛ ልብ አገኘን።) የእግራችን የደም ሥሮች ደግሞ በሩጫው ሰፍተዋል። ድንገት ስናቆም መግፋቱ ይቆማል፣ ሥሮቹ ግን ለደቂቃዎች እንደሰፉ ይቆያሉ። ደሙ እግር ውስጥ ይቀራል። ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ። እግራቸውን ስሰቅለው በሦስት ደቂቃ የዳኑት ለዚህ ነው። የምግብ ማቅለሽለሽ እግር ስለተሰቀለ አይሄድም።

መፍትሔው የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ሲጨርሱ አይቀመጡም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይራመዳሉ። ጋሼ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይኼን ብቻ ቀየሩ፣ ቡናውም ባዶ ሆዱም እንዳለ። የዓይን መጨለሙ ቀረ፣ ማቅለሽለሹ በግማሽ ቀነሰ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከመውጣታቸው በፊት ግማሽ ዳቦ በማር ጨመሩ፣ ቡናው ከሩጫው በኋላ ሆነ። ያለቀለት ነገር። የዓርቡ ጂም ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የዓርብ እራትም በራሱ ተመለሰ፣ ስለዚህ የቅዳሜው ግማሽ መፍትሔ ረቡዕና ዓርብን ስናስተካክል ሳናውቀው መጥቷል።

ሁሉም ሰው እንደ ጋሼ ነው ማለቴ አይደለም። ደረት የሚጫን፣ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚያም፣ ትንፋሽ ከልክ በላይ የሚያሳጥር ከሆነ ደብተር መያዝ ሳይሆን ሆስፒታል መሄድ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ሲያቅለሸልሻቸውና ሲንቀጠቀጡ መጀመሪያ ስኳራቸውን ይለኩ። ወር አበባዋ የቀረባት ሴት መጀመሪያ የምትመረምረው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከከባድ ልምምድ በኋላ ሽንታችሁ ኮካ ኮላ ከመሰለ፣ ወይም ማስታወኩ ካረፋችሁም በኋላ ለሰዓታት ካላቆመ ነገ ዛሬ አትበሉ። አንድ ሌላም ነገር፦ "ጉልበቴን እንዳያመኝ" ብሎ ከሩጫ በፊት አይቡፕሮፌን መዋጥ እዚህ የተለመደ ነው። ደም ባጣ ሆድ ላይ ያንን መጨመር የሆድ ዕቃን ግድግዳ ይጎዳል። ተዉት።

ዝንጅብልስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለእርግዝና ማቅለሽለሽ ይረዳል። ዝንጅብል ሻይ ጠጥቶ በ168 ምት ለሚሮጥ ሰው ግን ዝንጅብሉ ምን ያድርግ።

ኅዳር ላይ ጋሼ ሮጡ። ከግማሹ በላይ ሮጠው፣ ዳገቱን ተራምደው፣ 10ሩን ኪሎ ሜትር ጨረሱ። አላስመለሳቸውም። መጨረሻው ላይ የቢሮ ጓደኞቻቸው ፎቶ እንነሣ ብለው ሲጎትቷቸው "ቆዩ፣ ልራመድ" ብለው በሰው መሐል ወደ ስታዲየም አቅጣጫ ሲሄዱ አየኋቸው፣ ሜዳሊያው አንገታቸው ላይ እየተወዛወዘ። ባልደረቦቻቸው ሰውዬው የጠፉ መስሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ደወሉልኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ኅዳር 15 እኮ የነቢያት ጾም ገባ። አሁን ማክሰኞም ሐሙስም ጾም ነው። ወዴት ትወስጂኛለሽ?"

እውነታቸውን ነው። ቀን መቀየር ማምለጫ ነበር፣ አሁን ማምለጫው ተዘጋ። ትንሽ ተወያየንና ምግቡን ለሁለት ከፈልነው፦ 9 ሰዓት ላይ አንድ ዳቦ በማር፣ ሻይና ሙዝ ብቻ። 12 ሰዓት ጂም። በያይነቱ ወደ ማታ 2 ሰዓት ተገፋ፣ ቤት፣ ከባለቤታቸው ጋር። ስፕሪሱም አልተከለከለም፣ ከጂም በኋላ ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት ትናንት ደርሶኛል። ሦስት ዜሮ አለው። ከግርጌው ላይ በእጃቸው "ባለቤቴ ማታ ሁለት እንጀራ ስበላ እያየች ስፖርቱን ተው ትለኛለች" የሚል ተጽፏል።